በር ላይ የሚቆም ታፔላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። ወጪው ትንሽ ነው፣ ደንበኛም ይስባል። ተንቀሳቃሽ ታፔላ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆመው የባለሱቁ ባልሆነ መሬት ላይ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚያ ጋ ነው። ደንቡ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ሁሉም ከአንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ታፔላው ከቆመ በኋላ ለአላፊ አግዳሚው ምን ያህል ቦታ ተረፈ? ከታች ያሉትን መልሶች ይህን ይዘው ያንብቧቸው።

ተንቀሳቃሽ ታፔላ የሚባለው የትኛው ነው?

መሬት ውስጥ ያልተተከለ፣ ግድግዳ ላይ ያልተመታ፣ አንስተው ሌላ ቦታ ሊያቆሙት የሚችሉት የንግድ ማስታወቂያ ሁሉ ነው። በጣም የተለመደው ሁለት ገጽ ያለው፣ ከላይ በማጠፊያ የተያያዘ፣ እግሩን ከፍቶ የሚቆም ታጣፊ ሰሌዳ ነው። ዘንግ ላይ የሚውለበለበው ረጅም ባንዲራ፣ የሚጠቀለለው ባነር፣ በአየር የሚነፋው አሻንጉሊት፣ ጎማ ያለው ተጎታች ሰሌዳም እዚሁ ይገባሉ።

ሁሉም ግን በአንድ ዓይን አይታዩም። ታጣፊውን ሰሌዳ የሚፈቅድ ከተማ ባንዲራውንና በአየር የሚነፋውን ሊከለክል ይችላል። እነዚህ ይወዛወዛሉ፤ የሹፌርን ዓይን ይሰርቃሉ። ተጎታቹ ሰሌዳ ደግሞ ብዙ ቦታ የራሱ ደንብ አለው። ለተወሰኑ ቀናት ይፈቀድና ከዚያ ይነሳል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ደንቡ ስለ የትኛው ዓይነት እንደሚያወራ ይዩ። «ታፔላ ይፈቀዳል» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም።

በራሴ ሱቅ በር ላይ ለማቆም ለምን ፈቃድ እጠየቃለሁ?

በሩ የእርስዎ ነው፤ ከበሩ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ ግን የሁሉም ነው። ኪራይ የሚከፍሉት ለሱቁ ነው። የእግረኛ መንገድ ላይ የሚቆም ማንኛውም ነገር፣ ጠረጴዛም ይሁን የአበባ ማሰሮ ወይም ታፔላ፣ የሕዝብን መተላለፊያ እንደ መጠቀም ይቆጠራል። አንዳንድ ከተማ ለዚህ በየዓመቱ የሚታደስ ፈቃድ ይሰጣል። ሌላው «እነዚህን መመዘኛዎች ካሟላችሁ ያለ ፈቃድ አቁሙ» ይላል። ሌላው ጭራሽ አይፈቅድም።

ሕጉ የሚመጣውም ከአንድ መሥሪያ ቤት ላይሆን ይችላል። በእንግሊዝ ለምሳሌ የታፔላውን ማስታወቂያነት የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ2007 የማስታወቂያ ቁጥጥር ደንብ ነው። መንገድ መዝጋቱን የሚመለከተው ደግሞ የ1980 የአውራ ጎዳናዎች ሕግ ነው። በአንቀጽ 137 መሠረት ያለ ሕጋዊ ምክንያት መንገድ መዝጋት ወንጀል ነው። በአንዱ ሕግ ችግር የሌለበት ታፔላ በሌላው ሊያስቀጣ ይችላል ማለት ነው። የማስታወቂያ ክፍሉ እሺ ካለዎት በኋላ የመንገድ ክፍሉንም ይጠይቁ። ሁለት ጊዜ መመላለስ ያሰለቻል፤ ተቀጥቶ ከመመላለስ ግን ይሻላል።

የማቆመው በግል ግቢዬ ውስጥ ቢሆንስ?

ነፃነቱ ይሰፋል፤ ደንብ የለም ማለት ግን አይደለም። እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በንግድ ቤቱ የግል ደጅ ላይ የሚቆም ማስታወቂያ በአንድ በኩል በድምሩ ከ4.6 ካሬ ሜትር ካልበለጠ፣ ሌሎቹንም መመዘኛዎች ካሟላ፣ የተለየ ፈቃድ አይጠየቅበትም። የእግረኛ መንገዱ ግን እንደ ደጅ አይቆጠርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ንጣፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ እስከ አስፋልቱ ድረስ የራሱ ይመስለዋል። ወሰኑ የት እንደሚያልቅ የሚነግርዎ የይዞታ ካርታው ነው፤ ንጣፉን አይመኑ። ተከራይ ከሆኑ ባለቤቱንም ይጠይቁ። ደንቡ የሚፈቅደውን የኪራይ ውሉ ሊከለክል ይችላል።

ለእግረኛ ምን ያህል ቦታ መተው አለብኝ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሜትሩንም መጀመሪያ የሚያወጡት ለዚህ ነው።

በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መመዘኛ መሠረት መተላለፊያ ቢያንስ 91.5 ሴንቲ ሜትር ክፍት መሆን አለበት። ይሄ ዝቅተኛው ወለል ነው። የአገሪቱ የተደራሽነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የእግረኛ መንገድ መመሪያ ቁጥሩን ወደ 122 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎታል። የብሪታንያ መንግሥት መመሪያ ደግሞ በመደበኛ ሁኔታ 2 ሜትር ይላል። ያ ካልተቻለ 1.5 ሜትር ይቀበላል። አንድ ነገር መንገዱን ባጠበበበት ቦታ ብቻ እስከ 1 ሜትር ይወርዳል፤ ያ ጠባብ ክፍልም ከ6 ሜትር በላይ መርዘም የለበትም። የየከተማው ደንብ ከነዚህ ሊጠብቅ ይችላል። የእርስዎ ከተማ ቁጥሩን ካልጻፈ ግን 1.5 ሜትርን መነሻ ቢያደርጉ ጥሩ ነው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አንዱ አስፋልት ላይ ሳይወርድ ለመተላለፍ ከዚያ በታች ያስቸግራል።

አለካኩ ላይ ይጠንቀቁ። የመንገዱን ስፋት ለክቶ የታፔላውን ስፋት መቀነስ ብቻ አይሆንም። መንገዱ ላይ የመብራት ምሰሶ አለ፣ ዛፍ አለ፣ የቆሻሻ መጣያ አለ፣ ተደግፎ የቆመ ሞተር አለ። የሚለካው ከታፔላው ጠርዝ እስከሚቀጥለው እንቅፋት ድረስ ያለው ክፍት ቦታ ነው። ታጣፊ ሰሌዳ እግሩን ሲከፍት ከታች እንደሚሰፋም አይርሱ። ቆሞ እያለ፣ ከመሬት ደረጃ ይለኩት። የጎረቤትዎ ታፔላም ከእርስዎ ትይዩ ከሆነ ሁለቱ ተደምረው በር ይሠራሉ። እያንዳንዳችሁ ብቻችሁን ስትለኩ ትክክል ናችሁ፤ አብራችሁ ግን መንገድ ዘግታችኋል።

ግድግዳው ስር ላቁመው ወይስ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ?

ከተሞች የማይስማሙበት ነጥብ ነው፤ ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው።

ግድግዳ ስር ይሁን የሚሉት ታፔላው ከሱቁ ጋር ከተጠጋ የመንገዱ መሃል ይለቀቃል፣ የማን እንደሆነም ይታወቃል ይላሉ። ከቆመ መኪና የሚወርድ ሰውም አይደናቀፍበትም። ጠርዝ ላይ ይሁን የሚሉት ደግሞ የሚያስቀድሙት ዓይነ ስውራንን ነው። ነጭ በትር ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሕንፃውን ግድግዳ መስመር ይከተላል። አቅጣጫውን የሚጠብቀው በዚያ ነው። ግድግዳው ስር የተደረደረ ታፔላ ያንን መስመር ይቆርጥበታል። በአውስትራሊያ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች የግድግዳው መስመር ክፍት ሆኖ ዕቃ ሁሉ ወደ ጠርዙ እንዲሄድ የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ የሁለተኛው ክርክር ይበልጣል። ግን ምርጫው የከተማው ነው። ደንቡ ዝም ካለ መብራቱ፣ ዛፉና መቀመጫው በየትኛው በኩል እንደተሰለፉ ይዩና ታፔላውን እነሱ መስመር ላይ ያቁሙ። እግረኛው ያንን መስመር ድሮም አይሄድበትም። አንዴ ቦታ ከያዙ በኋላም በየቀኑ አያዛውሩት። ሰፈሩን በልቡ የሚያውቅ ዓይነ ስውር ትናንት ባልነበረ ነገር ነው የሚመታው።

ለዓይነ ስውራን የታፔላው ቅርፅም ለውጥ ያመጣል?

በጣም። በትር የሚያገኘው መሬት አካባቢ ያለውን ነው። በአሜሪካው መመዘኛ ከመሬት ከ68.5 ሴንቲ ሜትር በላይና ከ203 ሴንቲ ሜትር በታች ወደ መተላለፊያ የሚወጣ ነገር ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይገፋ የተከለከለው በትሩ ስለማያገኘው ነው። ቀጭን እግር ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሰሌዳ እንደዚያ ነው፤ በትሩ ከሥሩ ያልፋል፣ ፊት ይመታል። ታጣፊ ሰሌዳም በጎኑ ክፍት ስለሆነ በትሩ በሁለቱ እግሮች መሃል ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከታች ድረስ የወረደ ሰሌዳ፣ ወይም እግሮቹን ዝቅ ብሎ የሚያገናኝ አግዳሚ ያለው ይምረጡ። ጥቂት ለሚያዩ ሰዎች ደግሞ ከመሬቱ ቀለም የሚለይ ጠርዝ ይጠቅማል። ግራጫ ንጣፍ ላይ ግራጫ ታፔላ የሚያምረው ፎቶ ላይ ነው።

መጠኑ ምን ያህል መሆን አለበት?

ወጥ ቁጥር የለም። በብዙ ከተሞች ደንብ የሚያገኙት ግን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ከ90 ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ትንሽ የሚያልፍ ቁመት ያለው ነው። ለአንድ ንግድ ቤት አንድ ታፔላ የሚለውም የተለመደ ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ሱቆች ካሉ ተራ መግባት ወይም አንድ የጋራ ሰሌዳ ላይ ስማቸውን መደርደር ይጠየቃሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ላሉ ሱቆች የጋራው ሰሌዳ የተሻለ ነው። አሥር ታፔላ በተደረደረበት በር ላይ የትኛውንም የሚያነብ የለም።

ነፋስ ይጥለዋል፤ ምን ላድርግ?

ብዙ ደንብ «በነፋስ የማይወድቅ መሆን አለበት» ብሎ ያልፋል። እንዴት እንደሆነ አይነግርዎትም። ሂሳቡን እንይ።

60 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ከግማሽ ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታው የሚገፋው ኃይል የ4 ኪሎ ክብደት ያህላል። ይሄን ከባድ ሰሌዳ ይቋቋመዋል። ግን የነፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በእጥፍ አይጨምርም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ላይ 16 ኪሎ ገደማ ደረሰ ማለት ነው። ግፊቱ የሚያርፈው ከፍ ብሎ መሃሉ ላይ ስለሆነ ሰሌዳው ይገለበጣል። ቀላል የፕላስቲክ ሰሌዳ ከሆነ ደግሞ ከመገልበጥ አልፎ ይበራል፤ አስፋልት ላይ ያርፋል።

መፍትሔው ክብደቱን ወደ ታች ማውረድ ነው። ውሃ ወይም አሸዋ የሚሞላ መሠረት ያለው መግዛት ይቻላል። ካልሆነ በሁለቱ እግሮች መሃል ባለው አግዳሚ ላይ የአሸዋ ከረጢት ማኖር ይበቃል። ከረጢቱ ግን ከሰሌዳው ጎን እንዳይወጣ። ከወጣ ራሱ መሰናክል ይሆናል። ድንጋይ ማስደገፍም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ገጾች የሚይዘው ሰንሰለት ወይም መቆለፊያ በትክክል መወጠሩን በየጠዋቱ ይዩ። የላላ ከሆነ ሰሌዳው ተንሸራትቶ ጠፍጣፋ ይተኛል። አውሎ ነፋስ ሲሆን ደግሞ የትኛውም ከረጢት አይረዳም፤ ያስገቡት።

ከመብራት ምሰሶ ወይም ከዛፍ ጋር በሰንሰለት ባስረውስ?

አይሆንም። ይሄ ሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል ክልክል ነው። ምሰሶው የሌላ ተቋም ንብረት ነው፣ ዛፉም ይጎዳል። የታሰረ ታፔላ ሲወድቅ ደግሞ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ጠላፊ ወጥመድ ሆነ ማለት ነው። መሬት ቦርቡሮ በቡሎን ማሰርም ያው ነው። ያን ጊዜ «ተንቀሳቃሽ» መሆኑ ይቀርና ሌላ፣ ጠንከር ያለ ደንብ ውስጥ ይገባሉ።

ማታ ውጭ ማደር ይችላል?

በአብዛኛው አይችልም። ታፔላው የሚቆመው ሱቁ ክፍት በሆነበት ሰዓት ብቻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጨለማ ውስጥ አይታይም፣ ቢወድቅም የሚያነሳው የለም።

መብራት ልሰካበት? የሚያብረቀርቅ ቀለምስ?

ከውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ አውጥቶ የእግረኛ መንገድ ላይ መዘርጋት የትም አያዋጣም፤ ያደናቅፋል፣ ዝናብም አለ። በባትሪ የሚሠራውንም ብዙ ደንቦች ይከለክላሉ። በተለይ የሚበራ የሚጠፋውን።

ቀለምና ቅርፅ ላይ ደግሞ እስከ ዓለም አቀፍ ሕግ የሚሄድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ምልክቶች ስምምነት በአንቀጽ 4 ከትራፊክ ምልክት ጋር ሊምታታ የሚችል፣ የሚጋርደው፣ የመንገድ ተጠቃሚን ዓይን የሚያጭበረብር ወይም ሐሳቡን በአደገኛ ሁኔታ የሚበትን ሰሌዳ እንዳይቆም ፈራሚ አገሮችን ያስገድዳል። ስለዚህ ባለስምንት ጎን ቀይ ሰሌዳ ላይ «ቁም! ቅናሽ አለ» ብሎ መጻፍ ቀልድ ቢመስልም ጣጣ አለው።

መታጠፊያ ላይ ማቆም ደንበኛ አያመጣም?

ያመጣል። አደጋም ያመጣል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ከአንዱ ጎዳና የሚወጣ ሹፌር በሌላው የሚመጣውን ማየት አለበት። ከተሞች በማዕዘኑ ላይ ሦስት ማዕዘን ቅርፅ ያለው ቦታ ክፍት እንዲሆን የሚያስገድዱት ለዚህ ነው። በአሜሪካ የመንገድ ዲዛይን የሹፌር ዓይን ከመንገዱ 1.08 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሆነ ይታሰባል። አንድ ሜትር የሚደርስ ታፔላ ከዚያ ከፍታ ብዙም አያንስም። ከኋላው የቆመ ትንሽ ልጅ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። የእግረኛ ማቋረጫ መግቢያ፣ ለዊልቸር ዝቅ የተደረገው ጠርዝ፣ የአውቶቡስ መውረጃ፣ የእሳት አደጋ ውሃ መክፈቻና የድንገተኛ መውጫ በር ፊትም እንዲሁ ክልክል ናቸው።

የምጽፈውን ነገር ሊቆጣጠሩኝ ይችላሉ?

እንደ አገሩ ነው። ብዙ ቦታ ታፔላው ስለራስዎ ንግድ ብቻ እንዲያወራ ይጠየቃል። የሌላ ሰው ዕቃ ማስተዋወቅ ወይም ከሱቅዎ ርቆ ሄዶ በቀስት መጠቆም አይፈቀድም።

በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ለከተሞቹ ነገሩ ከብዷል። በአሪዞና ግዛት የጊልበርት ከተማ ሰዎችን ወደ ስብሰባ የሚጠቁሙ ጊዜያዊ ሰሌዳዎችን ዝግጅቱ ካለቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንሱ ትል ነበር። ለፖለቲካ ሰሌዳዎች ግን ብዙ ጊዜ ትሰጥ ነበር። አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከሰሰች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ለቤተ ክርስቲያኗ ፈረደ። ሰሌዳን በተጻፈበት መልእክት ለይቶ ማስተናገድ የመናገር ነፃነትን ይነካል ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተሞች ደንባቸውን ከልሰው መጠን፣ ቦታና ሰዓት ላይ አተኮሩ። ለባለሱቅ ይሄ ጥሩ ነው። ሜትር ይዞ ሊፈተሽ የሚችል ደንብ የባለሥልጣን ዓይን ደስ ካሰኘ ከሚል ደንብ ይሻላል።

ሰው ተሸክሞት ቢቆም ወይም መኪናዬ ላይ ባደርገውስ?

ደንቡን ለማምለጥ የታሰበ መሆኑን ከተሞቹም ያውቃሉ። ሰሌዳ የሚይዝ ሰውን የሚመለከት አንቀጽ ያላቸው ከተሞች አሉ፤ ለምሳሌ አስፋልት መሃል እንዳይቆም። መኪናም እንዲሁ፤ ለሥራ የሚንቀሳቀስ መኪና ላይ ስም መጻፍ ችግር የለውም። ለማስታወቂያ ብሎ አንድ ቦታ የተገተረ መኪና ግን ብዙ ቦታ እንደ ታፔላ ይቆጠራል።

ሰው ቢሰናከልበትና ቢጎዳ ማን ይጠየቃል?

መጀመሪያ እርስዎ። ፈቃድ መያዝ ከኃላፊነት አያድንም። ፈቃድ የሚሰጡ ከተሞች ብዙዎቹ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚጠይቁት፣ አንዳንዴም ውሉ ላይ ከተማው ራሱ እንዲጠቀስ የሚያደርጉት ሸክሙ እነሱ ላይ እንዳይወድቅ ነው። የሱቅዎ ኢንሹራንስ ካለ ከበር ውጭ ያለውን ይሸፍን እንደሆነ ይጠይቁ። የማይሸፍን ከሆነ አሁን ማወቁ ይሻላል። ጠዋት ታፔላውን ካቆሙ በኋላ በስልክዎ አንድ ፎቶ የማንሳት ልማድም አይከፋም። ቀኑን ሙሉ ሰው ይገፋዋል፤ ክርክር ቢነሳ የት እንዳቆሙት ማሳየት ይችላሉ።

ጨርሶ ሊከለከል ይችላል?

አዎ። በኒው ዮርክ ከተማ የእግረኛ መንገድ ላይ ታጣፊ ሰሌዳ ማቆም ክልክል ነው። ኤድንብራም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2018 ጀምሮ መንገድ ላይ የሚቆሙ ጊዜያዊ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን አግዳለች። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት እንዲህ ያለውን እርምጃ ይደግፋሉ። ትናንሽ ነጋዴዎች ደግሞ፣ በተለይ ከዋናው መንገድ ገባ ያሉት፣ ታፔላው ካልወጣ ማን ያየናል ይላሉ። ይሄም ውሸት አይደለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከሆኑ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ከራስ በላይ የሚንጠለጠል ምልክት፣ የመስኮት ጽሑፍ ወይም በመንገዱ መግቢያ ላይ የጋራ ጠቋሚ እንዲተከል ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ማመልከት ይቻላል።

ለፈቃድ ሳመለክት ምን ይዤ ልሂድ?

የንግድ ፈቃድ፣ የታፔላው ፎቶና ልኬት፣ የኢንሹራንስ ማስረጃ ከተጠየቀ እሱን፤ ከሁሉም በላይ ግን አንድ ንድፍ። ባለሙያ አያስፈልገውም። በእጅ ይሳሉት፦ የሱቁ ግድግዳ፣ የአስፋልቱ ጠርዝ፣ በመሃል ያሉት ምሰሶና ዛፍ፣ ታፔላው የሚቆምበት ቦታ፣ ለእግረኛ የሚቀረው ስፋት በቁጥር። ማመልከቻ ከሚመለስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ቁጥር አለመኖሩ ነው።

ጎረቤቶቼ ሁሉ አውጥተዋል፤ የእኔን ብቻ ወሰዱት። ምን ላድርግ?

ያናድዳል። ግን «እነሱም አሉ» የሚለው መከራከሪያ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የእነሱም ታፔላ እንዲነሳ ነው። ቁጥጥር በብዛት የሚመጣው በጥቆማ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተጣሰው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ቦታው ነው? መጠኑ? የፈቃዱ ጊዜ አልፎ ነው? ታፔላው የተወሰደው ያለ ማስጠንቀቂያ ከሆነ ደንቡ ያንን ይፈቅድ እንደሆነ ያንብቡ። መንገድ የዘጋን ነገር ወዲያው ማንሳት የሚፈቅዱ አሉ፤ ቀን ቆርጠው የሚያስጠነቅቁም አሉ። የተወሰደ ዕቃ የሚቆይበት ቀን ብዙ ጊዜ የተወሰነ ነው። ቀኑ ካለፈ ሊወገድ ስለሚችል አቤቱታው እስኪታይ ሳይጠብቁ ሄደው ታፔላውን ያስመልሱ። ቅጣቱን ሲከፍሉ ደረሰኙ ላይ «ተቃውሞዬ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብለው ማስጻፍ ከቻሉ ያስጽፉ።